ጣት ያልነካው ገጽ

ወንድሜን ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል። ያመስግነው፤ እኔ ምን ቸገረኝ። ፎቶው ከነከረባቱ ሙዚየሙ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ «የባሕር ኬላውን መዛግብት ከጥፋት ያተረፉ ባለውለታ» ተብሎ ተጽፎበታል። አንዳንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ አየዋለሁ። ከረባቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። እሰይ እላለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የእኛ ከተማ ባሕሩ አንገት የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ነፋስ ከሌለ ከወዲህ ቢጣሩ ማዶ ይሰማል። ድሮ በዚያ ጥበት የሚያልፍ መርከብ ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ቆሞ ቀረጥ ይከፍል ነበር። የኬላው ጸሐፊ የመርከቡን ስም፣ የካፒቴኑን ስም፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደጫነ፣ ምን ያህል እንደከፈለ በትልቅ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ካፒቴኑ ደግሞ እዚያው መስመር ጫፍ ላይ በገዛ እጁ ይፈርማል። መጻፍ የማይችለው ምልክት ያደርጋል፤ አንዱ መልሕቅ፣ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ ጉደኛ ደግሞ ድመት ይሥል ነበር አሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲህ ተኖረ። ቀረጡ ከተሻረ ቆይቷል፤ የኬላው ቤትና መዛግብቱ ግን እስከ ዛሬ አሉ።

አባታችን ባለ ሸራ ትንሽ የጭነት መርከብ ነበረው፤ ጣውላ ያመላልስ ነበር። እኔ ገና ጡት ሳልጥል፣ ወንድሜ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት ኬላው ጋ ቆመ፣ ከፈለ፣ ፈረመ፣ አለፈ። አልተመለሰም። እሱም አልተመለሰ፣ መርከቧም አልተመለሰች። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፣ ፎቶግራፍ እንኳ የለ፤ ለፎቶ የሚሆን ገንዘብ እጁ ሲገባ ጣውላ ይገዛበት ነበር። ለእኛ የቀረችልን ያቺ ፊርማ ነበረች። የስሙ የመጀመሪያ ፊደልና ከሥሯ ተጠማዝዛ የምትወጣ አንዲት ጅራት።

ከተማችን ደግሞ ባሕር ለበላበት ቤተሰብ የምትሰጠው አንድ ነገር ነበራት። ሰውየው በሄደበት ቀን በየዓመቱ ቤተሰቡ ኬላው ቤት ይመጣል። ጸሐፊው መዝገቡን አውጥቶ ገጹን ይገልጥለታል። ቤተሰቡ ተራ በተራ ጣቱን ፊርማው ላይ ያሳርፋል። በቃ፤ ጸሎት የለው፣ ንግግር የለው። «ጣት ማሳረፍ» ይባላል። ሌላው ሰው መቃብር ሄዶ ድንጋይ ይዳብሳል፣ እኛ ወረቀት እንዳብሳለን። የካፒቴን እጅ ገመድ የለመደ ነውና ብዕሩን ጫን አድርጎ ነው የሚፈርመው፤ ስለዚህ ዓይን ጨፍነው ቢዳብሱት እንኳ ጣት ፊርማውን እንደ ጠባሳ ያገኘዋል።

እማዬ እኔን አዝላ፣ ወንድሜን በእጇ ይዛ ትሄድ ነበር። መጀመሪያ የሷን ጣት፣ ቀጥሎ የእኛን ታሳርፋለች። «ጅራቷ ጋ ስደርስ የሚስቅብኝ ይመስለኛል» ትል ነበር። የዚያን ቀን ያን እጇን እስከ ማታ አትታጠበውም። ዕቃ አታጥብበትም፣ ምግብ አትነካበትም፤ እኛም በግራ እጇ እየጎረስን እንስቃለን። ሌላ ባል አላገባችም፣ ቤት አልለወጠችም፣ ከዚህ ዓለም ይህ ቀረብኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ያቺን ቀን ግን በሽታም ሆነ ዝናብ አስቀርቷት አያውቅም። ያቺን ቀን ብቻ ነበር የምትፈልገው።

ወንድሜ አድጎ የመዛግብቱ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። እማዬ ደስታዋን አልችል አለች፤ «እግዜር በአባቱ ደጅ አስቀመጠው» እያለች ለሰው ሁሉ ታወራለች። እኔም አብሬ ደስ አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄው ነው። ዋናው ከተማ ሄዶ ኮርስ ወስዶ ተመለሰና ሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። ወሬው ሁሉ እርጥበት፣ ብል፣ ብርሃን። እኛ ቤት ሲመጣ የግድግዳውን ካላንደር ሳይቀር «ፀሐይ ይበላዋል፣ አዙሩት» ይለናል። እርግጥ መዛግብቱ በእውነት እየሞቱ ነበር፤ ይህን አልክድበትም። ጣራው ያፈሳል፣ አይጥ ጠርዛቸውን ታጭዳለች፣ አንዳንዱ ጥራዝ ሲያነሱት እንደ አመድ ይረግፋል። ጣራውን በልመና አሠራ። መደርደሪያዎቹን ከግድግዳው አራቀ። እያንዳንዱን ቅጠል በለስላሳ ብሩሽ ጠረገ። ሚስትም አግብቶ ነበር፤ ሁለተኛውን ክረምት አልጨረሰችም። «ከጣውንት ጋር እንኳ ይኖራል፣ ከብል ጋር ግን አልኖርም» ብላ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሄደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወንድሜ ሞኝ አይደለም፤ ወረቀት ነው።

ከብል ቀጥሎ ወደ ጣት መጣ። የሰመጡት ሰዎች መስመር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም ነበር። ጠቁሯል፣ ቀለሙ ተልጧል፣ አንዳንዱ ጋ ወረቀቱ ተበስቶ የታችኛው ገጽ ይታያል። የሽማግሌ ጣት፣ የሕፃን ጣት፣ ዓሣ ሲገፍ የዋለ ጣት፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይዞ ሄዷል። በደህና ወደ ቤታቸው የተመለሱት ካፒቴኖች ፊርማ ግን ትናንት የተጻፈ ይመስላል፤ ማን ይነካዋል። ወንድሜ ይህን ሲያይ ከረመና አንድ ቀን በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከእንግዲህ ጣት ማሳረፍ ክልክል ነው።

ከተማው ተንጫጫ። ሁለት ወንድሞቿ በአንድ መርከብ የሄዱባት ዓሣ ሻጭ ደጁ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች። በመስኮት አያት፤ አልከፈተላትም። «ጋሼ ቁልፉ» የሚል ስም የወጣለት ያን ጊዜ ነው። ልጆች ሳይቀሩ ከኋላው ሆነው የቁልፍ ድምፅ ያሰሙበታል። ክልከላውን ምናልባት ሰው ይለምደው ነበር። ያቃጠላቸው ግን ሌላ ነው፤ የራሱን እናት ያስገባ ነበር።

የእማዬ ዓይን በዚያ ሰሞን እየፈዘዘ ሄዶ ጨርሶ ጠፍቷል። «እንዳላየው ዓይን የለኝ፣ ጣቴን ከከለከልከኝ በምን ልገናኘው» ብላ ለመነችው። አቅማማ፣ አቅማማና እሺ አለ። በየዓመቱ በዚያች ቀን እጇን ይዤ እስከ በሩ አደርሳታለሁ። እኔን አያስገባኝም፤ ሁለት ሰው ከገባ ለመዛግብቱ እርጥበት ይበዛል ይለኛል፤ ትንፋሼን መሆኑ ነው። እሱ እጇን ተቀብሎ ያስገባታል፣ ገጹን ይገልጥላታል፣ ጣቷን ይዞ ያሳርፍላታል። ስትወጣ ፊቷ የታጠበ ይመስላል። «አለ» ትለኛለች። «እንዳለ ነው።» አንድ ዓመት ብቻ ቤት ከገባን በኋላ ጅራቷ ረዘመችብኝ አለች። ለወንድሜ ነገርኩት። ጣቷ ስለቀጠነ ነው አለኝ፣ ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው አለኝ። እኔም ይህንኑ ሄጄ ነገርኳት፤ አመነች።

ሰው ግን ዓይናችንን ማየት ጠላ። «ላሚቱ ለእኛ በሰማይ፣ ወተቷ ለእናቱ» እያሉ ያሽሟጥጡን ነበር። ዓሣ ሻጯ ዓሣ አልሸጥላችሁም አለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስንቱ ደንበኛዬ ጨርቁን ይዞ ወደ ሌላ ሄደ። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ እከራከርለታለሁ። ዓይን ለሌላት አሮጊት ይህን ቢያደርግ ምን አለበት፣ የእናንተ ልጅ ቢሆን አያደርግም ወይ እያልኩ። ለእሱ ስል ከግማሹ ከተማ ተጣላሁ። ሳስታውሰው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እንዲህ እያለ ዓመታት ነጎዱ። አጥኚዎች ከሩቅ መጡ፣ ፎቶ አነሡ፣ እንዲህ ሳይቋረጥ የተያዘ የመርከብ ቀረጥ መዝገብ ብዙ ቦታ አይገኝም አሉ። ኮሚቴ መጣ፣ ሌላ ኮሚቴ መጣ። በመጨረሻ መዛግብቱ በሰነድ ቅርስነት ተመዘገቡ። የኬላው ቤት ሙዚየም ሊሆን እድሳት ተጀመረና ተዘጋ፤ በዚህ መሐል እማዬ ሁለት ዓመት ጣቷን ሳታሳርፍ ቀረች። ሐኪሙ ልቧ እንደደከመ ለእኔ ነግሮኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሳይነገራት ታውቃለች። «አንዴ ብቻ ላሳርፍ» ትላለች፣ «ከዚያ እግዜር የወደደውን ያድርግ።» ለምረቃው ከእነዚያ ሁሉ ገጾች አንዱ ተመርጦ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ለሕዝብ እንዲታይ ተወሰነ። የተመረጠው የአባታችን ገጽ ሆነ። ወንድሜ ይህን ሊነግረን እየሮጠ መጣ። እንደዚያ ሲሮጥ ከሕፃንነቱ ወዲህ አይቼው አላውቅም። እማዬ «አየሽ፣ አባትሽ ከሁሉ ተመረጠ» ብላ እንደ ልጅ አጨበጨበች።

ለምረቃው ቀን አዲስ ቀሚስ ሰፋሁላት። ሻሽ ግን አላስለውጥም አለች። ያችኑ ግራጫ ሻሿን አሰረች፤ ጠርዟን በሰማያዊ ክር የዘመዘምኩላትን፣ አንዱ ጥግ ላይ መርፌዬ ስቶ የተጣመመባትን። የኬላው ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ዓሣ ሻጯ ሳትቀር የክት ልብሷን ለብሳ መጥታለች። ወንድሜ ከረባቱን አድርጎ ሳጥኑ አጠገብ ቆሟል፤ የሳጥኑ ቁልፍ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል። እኛን ከፊት አስቀመጡን፤ የካፒቴኑ ባለቤት ተብላ እማዬ ተጨበጨበላት።

ከዋናው ከተማ የመጣችው የሰነድ ጥበቃ ባለሙያ ልታስረዳ ተነሣች። ገና ወጣት ናት፣ ሥራዋን የምትወድ፣ ፊቷ ፈገግታ ብቻ። ክፋት አልነበረባትም፤ ይህን ደጋግሜ ለራሴ እነግራለሁ። ሌሎቹ ገጾች እንዴት እንደተጎዱ አስረዳች፣ ቀጠለችና እንዲህ አለች።

«ይህን ገጽ የመረጥነው በምክንያት ነው። በባሕር ከቀሩት ካፒቴኖች ፊርማው የተረፈው የእኚህ ብቻ ነው። ድሮ ድሮ ትንሽ ተነክቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ጣት አላረፈበትም። ደግሞ የሚያስቀው፣ በዚሁ መዝገብ መጨረሻ ምንም ያልተጻፈበት ቅጠል አለ። አንድ ሰው ቀለም በሌለው ብዕር ፊርማውን አስመስሎ ጭሮበታል። የጣት እድፉ ሁሉ እዚያ ነው ያለው፤ ከሰል መስሏል። ማን ባዶ ወረቀት ሲዳብስ እንደኖረ እንግዲህ እግዜር ይወቀው።»

ሰው ሳቀ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

የእማዬ እጅ እጄ ውስጥ ነበር። ከበደኝ። እኔ ነገሩ የገባኝ ወንድሜን ሳየው ነው። ጫማውን እያየ ነበር። እማዬ ብድግ አለችና ሳቁ ሳያልቅ ወደ ሳጥኑ ውሰጂኝ አለችኝ። ወሰድኳት። ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ ልታየው የሄደች መስሎት ነው፣ ዓይነ ስውር መሆኗን እንኳ ረስቶ።

«ልጄ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «እኔ ስዳብሰው የኖርኩት ምንድን ነው?»

«እማዬ፣ ጣት ላብ አለው። ቀለሙን ይበላዋል። ባስነካሽ ኖሮ ዛሬ አባዬ እዚህ አይገኝም ነበር።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ባዶ ወረቀት ነው።»

«ጅራቷንም አንተ ነህ?»

«አዎ።»

እማዬ ራሷን ነቀነቀች፣ የገበያ ዋጋ እንደተነገራት ሰው። መስታወቱን በእጇ ፈለገችና መዳፏን አሳረፈችበት። «አሁንስ? አሁን ከዚህ ሥር ያለው እሱ ራሱ ነው?» አለችው። እሱ ራሱ ነው አላት። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለችው። እኔ ጋ ነው አለ። ሌላ ነገር አልለመነችውም። ቀኝ እጇን፣ አመልካች ጣቷን ዘርግታ ጠበቀችው። አየሁት። እጁ ወደ ቀበቶው ሄዶ ነበር፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ቁልፉን ጨበጠው። ባለሙያዋ በዚያ በኩል እያየችው ነው።

«አይቻልም፣ እማዬ» አላት።

ከኋላችን የቆመችው ዓሣ ሻጭ ሁሉንም ሰምታለች። ስንቴ ረግማን የነበረች ሴት መጥታ የእማዬን የተዘረጋች እጅ ወደ ታች መለሰችላት። «እኛንስ ከበር ነው የመለሰን» አለቻት። «አንቺን ውስጥ አስገብቶ መለሰሽ።» አሽሙር ይሁን ኀዘኔታ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ምናልባት ሁለቱም ነው።

ቤት እንደገባን እማዬ ሻሿን ሳትፈታ ውሃ አምጪልኝ አለች። ለመጠጥ መስሎኝ በብርጭቆ አመጣሁላት። በሳህን ነው አለችኝ፤ ሳሙናም ጨምሪበት አለችኝ። ያን ቀኝ እጇን ታጠበችው። ጣቷን አሸች፣ አሸች፣ ውሃው እስኪደፈርስ አሸችው፤ የሚለቅ ነገር ያለባት ይመስል። ከዚያ ምሳ አቅርቢ አለችኝና በዚያው እጇ በላች። አልቅሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወንድሜን ሥራ ቦታው ሄጄ አፌ እንዳመጣ ተናገርኩት። ሰው ይሰማል አላልኩም። እሱ እስክጨርስ ሰማኝና፣ ፊርማውን ለማስመሰል ሳምንታት ጋዜጣ ላይ ሲለማመድ እንደከረመ ነገረኝ። የብዕሩን ጫፍ እንደ አባዬ እጅ ጫን ለማድረግ ክንዱ እስኪዝል እንደሠራ ነገረኝ። ይህን ሲነግረኝ በድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ እግዜር ያሳያችሁ። ቀጥሎም በየዓመቱ ደስ ብሏት ትወጣ አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ትወጣ ነበር። እሷም አገኘችው፣ እሱም ገጹን አተረፈው፣ ማን ተጎዳ አለ። በሩን በርግጄ ወጣሁ። «ቀስ፣ መደርደሪያው ይነቃነቃል» ሲል ከኋላዬ ሰማሁት።

የአባዬ ቀን ዞሮ ሲመጣ ለእማዬ ልብስ አወጣሁላት። እንሂድ አልኳት። «የት?» አለችኝ። ልብሱን መለስኩት። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። በመጨረሻዋ ሰሞን ጣቷን ብርድ ልብሱ ላይ እያመላለሰች አንድ ነገር ትሥል ነበር፤ ፊደሏን ትሠራና ጅራቷ ጋ ስትደርስ ታቆማለች። የትኛዋ ጅራት ትክክለኛዋ እንደሆነች ጠፍቷት ይመስለኛል። ወንድሜ በየቀኑ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። እጇን ሲይዘው አልከለከለችውም፤ አልያዘችውምም።

ሐዘንተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ወንድሜ ወደ እኔ መጣ። ከስቷል፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ግራጫዋን ሻሽ ስጪኝ አለኝ። የእሷ ሽታ ያለበት አንድም ነገር የለኝም፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አለኝ። ፈልጌ አገኝልሃለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ና አልኩት።

ከሻሿ ጨርቅ የተረፈ ቁራጭ ከድሮ ጀምሮ ሳጥኔ ውስጥ ነበረኝ። ልክ በልኩ ቆረጥኩት። በዚያው ሰማያዊ ክር ዘመዘምኩት። ጥጉ ላይ መርፌዬ ስቶ የተጣመመበት ቦታ ስደርስ አጣመምኩት። አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ ደግሜ አጠብኩ፣ ደግሜ አሰጣሁ፣ እስኪነተብ። በመጨረሻ ከተረፈው የፀጉር ቅባቷ ቀባሁት። ጥሩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከዚያ ቀን ይበልጥ ተጠብቤ ሠርቼ አላውቅም። እውነተኛዋ ሻሽ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ ሳጥኔ ሥር ተቀምጣለች። ሰው ባሸተታት ቁጥር ሽታዋ ትንሽ ትንሽ እየተወሰደ ያልቃል። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው።

በቀጠሮው መጣ። ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝና ጥጓን ፈልጎ የተጣመመችውን ስፌት ዳበሳት። ከዚያ ፊቱን ሻሿ ውስጥ ቀበረ።

«አለች» አለኝ። «እንዳለች ናት።»

በሩን ተደግፌ አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት እማዬን አጠገቧ ሆኖ እንዴት ቆሞ ሊያያት ቻለ እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ከባድ አይደለም። ዝም ብሎ መቆም ነው።